ሠላሳ ሳይሞላ

መዝገቡ ላይ ያለው ፎቶ የሌላ ውሻ ነው፤
ያንተን ፊት ለማንሣት ማንም ጊዜ የለው።
«ዕድሜ፦ ወደ ዐሥራ ሦስት። ልብ፦ ያፏጫል።
ግራ ዐይን፦ ሞራ። ኩላሊት፦ ይደክማል።
ስም፦ ቲሞን።»
የመርከብ መሪ ማለት ነው፣ በወደብተኛ አፍ፤
አንተ ግን ወደ ቀኝ ብለህ ወደ ግራ ነው የምትታጠፍ።

የመጠለያዋ ልጅ ቡችሎቹን ልታሳየኝ ተነሣች፤
«እነዚህ ገና ናቸው፣ ብዙ ዓመት ይኖራሉ» አለች።
ክፋቱም እሱ ነው።
እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ፤ ቡችላ ባሳድግ፣
ሲጎረምስ ቢቀብረኝ፣ ማን ሊሆነው ነው ጥግ?
ሒሳቡ የሚገጥመው ካንተ ጋር ብቻ ነው፤
የቀረህ ትንሽ ነው፤ የቀረኝም ያው ነው።
ፈረምኩ።
እስክሪብቶው አልጽፍ ብሎ ሁለቴ ፈረምኩ።

ዶኛ ኦርቴንሲያ ከታችኛው ቤት በመስኮት ብቅ ብላ፦
«ዶን ኤላዲዮ፣ ይሄን ይዘው መጡ? ጠፍቶ ነው ሌላ?»
«ሌላማ ሞልቷል» አልኩ። «ሌላውን ሌላ ሰው ይወስዳል።»
መስኮቷን ዘጋች። ማታ ግን አጥንት ሰደደች፤
ሁለታችንም ጥርስ የለን፣
ቀቅዬ መረቁን ጠጣን።

ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ኮረብታ አሳንሰር ዘዋሪ ነበርኩ፤
ቫልፓራይሶን በሳንቲም አወጣሁ፣ በሳንቲም አወረድኩ፦
መርከበኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ የዓሣ ቅርጫት፣ አንዳንዴም የሬሳ ሣጥን።
አሁን ሐዲዱን ዝገት በልቶታል፤
«ለጥገና ተዘግቷል» የሚለውንም ሰሌዳ ዝገት ጀምሮታል።
ደረጃው መቶ አርባ ሦስት ነው።
አንተ አራተኛው ላይ ትቆማለህ፤ ታስላለህ፤
ወደ ላይ ሳይሆን ወደ እኔ ታያለህ።
ከአሮጌ የጀልባ ሸራ አንቀልባ ሰፋሁልህ፤
ጎንበስ ብዬ፣ ጉልበቴ እየጮኸ፣ አዘልኩህ።
ሰው ይሥቃል። ይሣቅ።
አሳንሰሩ ቢቆም አሳንሰር ሆንኩ እኔ፤
አንድ መንገደኛ አለኝ፣
ሽንቱን የሚለቅብኝ በጎኔ።

ዶክተር ማካሬና በትልልቅ ፊደል ጻፈችልኝ፦
ጧት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ። ጨው አይቅመስ።
ውኃ አይከልከል። ምንጣፉን ይርሱት።
የእኔም ክኒን እዚያው፣ ያው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር።
አንድ ጧት መነጽሬን ሳላደርግ ያንተን ዋጥኩ።
ደወልኩ፦ «ዶክተር፣ የውሻ መድኃኒት ውጫለሁ፤ ልጮኽ ይሆን?»
ሣቀች፤ እየሣቀች የጠርሙሶቹን ጽሑፍ አስነበበችኝ፤
ያው ነው። ፊደል በፊደል ያው።
አሳንሰሩን የሚጠግን ቢጠፋም፣
ለካ ያንተንና የእኔን ልብ የሚጠግነው አንድ ፋብሪካ ነው።
«የርስዎን ለሱ እንዳይሰጡት ብቻ» አለች፣ ድምፅዋ ጠንክሮ።
ቆርቆሮው ሁለት ሆነ፤
ያንተ ላይ በቀይ ቀለም ጅራት ሣልኩ።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል።
አምስት ወር በላህ፤ አልጮኽክም።
ፖስተኛው መጣ። ድመት በራስህ ላይ ተራመደች።
መሬት ተንቀጥቅጦ ሳህን ሲረግፍ፣ አዛጋህ።
ነገ ይመልሱኛል ብሎ
ሻንጣውን እንዳልፈታ እንግዳ፣
በሩ አጠገብ፣ ፊትህን ወደ በሩ፣ ተኛህ።
በስድስተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ፣
ዶኛ ኦርቴንሲያ ሳታንኳኳ ገባች፤
አንዴ ጮኽክ።
አንዴ ብቻ፣ እንደዚያ እንደ ድሮው ሰንሰለት ዝገት በበላው ድምፅ።
እሷ ድስቷን ጣለች፤
እኔ፣ ምን ይዋሻል፣ መረቁ እግሬን እያቃጠለው ቆሜ አለቀስኩ።

ሌሊቱ ግን ሌላ ነው።
ሲተኛ ትንፋሹን ይቁጠሩ ብላኛለች፤
በደቂቃ ሠላሳ ካልሞላ ደህና ነው፤ ከሞላ ይደውሉ።
ጡረታ ሲያወጡኝ የሰጡኝ ሰዓት አለ፤
እሱን ጆሮዬ ሥር፣ እጄን ጎድንህ ላይ አድርጌ፣
ባሕሩ ከታች እያንኮራፋ፣
ሃያ አንድ፣
ሃያ ሁለት፣
ሃያ ሦስት፣
ደቂቃው ሳያልቅ እንቅልፍ ይጥለኛል።

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ነቃሁ።
ደህና የቀረችው ዐይንህ ደረቴ ላይ ተተክላለች፤
ሲወጣ ታየዋለህ፣ ሲወርድ ታየዋለህ።
ቁጥርህን እንዳላሳትህ
አልተነቃነቅሁም።