አትዪው

«አትዪው!» ይለኝ ነበር አብዬ፣ ጭምብሉን ሲደፋ፣
ከኤሌክትሮዱ ጫፍ ያ ሰማያዊ አበባ ሲፈካ ሲጠፋ።
ደሴ፣ ሸርፍ ተራ፤ «ይመር ብየዳ»፤
በር ይሠራል ለባለ ፎቁም ለባለ አንድ ጓዳ።
እኔ ፊቴን አዙሬ፣ ጥላው ቆርቆሮው ላይ ሲዘል እያየሁ፣
ብርሃንን መጀመሪያ በጀርባዬ አወቅሁ።

ሌሊት ዓይኑን አሸዋ ሲፈጀው፣
እናቴ ጦይባ ናት ድንች በስሱ ቆርጣ የምትሸፍነው፤
«አብሽር» እያለች።
እሱ ጨፍኖ ይስቃል፤ «ዛሬ» ይላል «ማን ነበረ ከኔ ጋራ?
ፀሐይ ናት የዋለች፣ በሠላሳ ብር ተቀጥራ!»

አሁን ጦሳ ሥር፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ካንዲት ጠባብ ክፍል፣
የማጠናው ያንኑ ነው፣ አትዪው የተባልኩትን፣ በቁጥርና በምስል።
ፕላዝማ ነው ስሙ፤ አተም በግለት ተበትኖ፣
ኤሌክትሮን ከቤቱ ወጥቶ፣ ጎረቤት ሁሉ መንገደኛ ሆኖ።

ደካማ ብርሃን ከደጁ ሲደርስ፣
ኤሌክትሮኖቹ ይረባረቡበታል፤ በመጣበት ይመለስ!
ጥግግቱ በዝቷል፤ ግንባሩን ገጭቶ ይዞራል።
ብርቱው ሌዘር ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤
እየናጠ፣ እያጣደፈ፣ ወደ ራሱ ፍጥነት ያስጠጋቸዋል፤
በፈጠኑ ቁጥር ይከብዳሉ።
የከበደ ዘበኛ ደግሞ ከመቀመጫው እስኪነሳ
እንግዳው አልፏል።
ያኔ በሩ፣ ሳይሰበር፣ መስታወት ይሆናል።

ሰኞ ገበያን አስቡት። አይሱዙ ሽንኩርት ጭኖ ቁልቁል ሲወርድ፣
ሕዝቡ ግራና ቀኝ ሲበረግግ፣ ዘንቢል ሲገለበጥ፣ ሰው ሲሰደድ፤
መኪናው አልፎ ባዶው ሲዘጋ፣ ሰው በሰው ላይ ሲመለስ፣
ከክፍተቱ የገባ አንድ ልጅ፣ ሳይሮጥ፣ በግፊያ ብቻ ቧንቧ ውሃ ሲደርስ።
ከብርሃን ኋላ ማዕበሉ ላይ የተሳፈረ ኤሌክትሮንም ያው ነው፤
ረጅም ማሽን የሚለፋበትን ጉልበት በጥፍር ስፋት መንገድ የሚያገኘው።

ይኼን ለአብዬ ነገርኩት፣ መብራት በሄደ ምሽት፣
ኮምፒውተሬ የሦስት ቀን ስሌቱን በግማሽ ጥሎት።
ግራ ዓይኑ ጉም ለብሷል። በቀኙም ቢሆን
ሰው የሚለየው በኮቴ ነው።
ሳያቋርጥ ሰማኝ። ከዚያ፦ «እና ብርሃኑ፣ በወዲያ በኩል ሲወጣ፣
እንደገባው ሙሉ ነው? ወይስ ጎድሎ ነው የሚመጣ?»

ዝም አልኩ።
መቶ አርባ ገጽ ጽፌያለሁ። መግባቱን በሥዕል፣ በቀመር፤
ኪሳራውን ግን በአንዲት መስመር።

«ጎድሎ ነው» አልኩት። «ለበሩ ይከፍላል።
ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ከገባበት ቤት ጋር ይነዳል።»

ጣቱን ወደ ግራ ዓይኑ ወሰደ፤ ሽፋሽፍቱን በቀስታ ነካ።
«ገባኝ» አለ።
የቱ እንደገባው አልጠየቅሁም፤
ነገሩ ይሁን
ብርሃኑ።

መብራት መጣ። ያቺን መስመር ፈልጌ አገኘሁ፤ ምዕራፍ ልትሆን ነው።
አብዬ ከልማዱ
ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።