ካርታው ላይ ድልድይ የለም

ወንድሜ ሚትሱሂኮ «አርጅታለች» ይላል፤
ቁልፏን ሲያቀብለኝ ግን እጁ ይዘገያል።
«ዘመን አልፎባታል፣ እንሽጣት» ባለ በማግስቱ
ጎማዋን ሲያጥብ አገኘዋለሁ፣ ተንበርክኮ በጉልበቱ፣
በዚያው አልታጠፍ ባለው፣ በሚታከመው ጉልበቱ።

ግማሿ የእሱ ናት፣ ግማሿም የእኔ፤
አባታችን ሲያወርሰን አላጋደለም፣ ወደ ጎኑም ወደ ጎኔ።
የትኛው ግማሽ የማን እንደሆነ ግን አልጻፈም፤
ሞተሩ የማን ነው፣ መሪው የማን ነው፣ ተጠያይቀን አናውቅም።

ዝቅ ያለች ናት። ወንበሯ ላይ መቀመጥ መውደቅ ነው፤
መነሣት፣ በስልሳ ሦስት ዓመት፣ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።
አርባ ዓመት ፎጣ ፋብሪካ ያቆምኩት ወገብ
በሯን ስከፍት ይሳደባል፣
ወንበሩ ሲያቅፈው ግን ጸጥ ይላል፣ ረገብ።

የጎረቤቴ ልጅ ሶታሮ፣ ሳያሾፍ፣ ከልቡ ጠየቀኝ፤
«እውነት ዛሬም ዘመናዊ ትመስልዎታለች?» አለኝ።
የእሱ መኪና ታወራለች። መሥመር ሲስት ትቆጣለች፣
ሲያዛጋ «ደክሞሃል፣ ዕረፍት አድርግ» ትላለች፣
ቦታ ፈልጋ ራሷ ትቆማለች።
አንድ እሑድ ይዞኝ ወጣ። አልዋሽም፣ ደስ ይላል፤
ሶፋ ላይ ተጋድሞ ዓለምን በመስኮት ማየት ይመስላል።

የእኛዋ አትናገርም።
መሪዋ ብቻ መዳፌ ውስጥ ያንሾካሹካል፤
«እዚህ እርጥብ ነው፣ እዚህ ጠጠር አለ» ይላል።
ያቺ ትጠብቀኛለች፤ ይቺ ታምነኛለች።
ይህን ለሶታሮ በምን ቋንቋ ልንገረው?
«ለእኔ አዲስ ናት» አልኩት። ትከሻውን ሰበቀና ተወው።

ቀን ቀን ሽፋሽፍቷን ከድና ትውላለች።
ሲመሽ ሁለት ዓይኗ ከኮፈኗ ብድግ ይላል፤
የግራው ግን ዳተኛ ነው፣ ይዘገያል።
መካኒካችን ኦሺታ ዕቃውን ስድስት ወር ፈልጎ አጣው፤
«ትጥቀስ ተዉአት» አለን፣ ሒሳቡንም ተወው።

አባቴ ያስገጠመው የካርታ ስክሪን አለ፣ በዲስክ የታዘዘ፤
ያኔ እጅ በአፍ ያስጫነ፣ ዛሬ የፈዘዘ።
ዲስኩ ሲቀረጽ ድልድዩ ገና አልተሠራም ነበረ፤
ከኢማባሪ ወደ ደሴቶቹ ሰው በጀልባ ነበር የተሻገረ።
አሁን ወደ ድልድዩ ስወጣ፣ ሽቦዎቹ ግራ ቀኝ ሲያልፉ፣
ስክሪኑ ላይ መንገዱ ይቆማል፣ ይጠፋል ከነመታጠፉ፤
ትንሿ ቀስት ግን አትቆምም።
ሰማያዊው ውስጥ ትገባለች፣ ውኃ ላይ ትሄዳለች፣
ከታች የኩሩሺማ ሞገድ እየተጠማዘዘ፣
እሷ ደረቅ፣ ቀጥ ብላ፣ ማንም ሳያዝ።

ባለፈው መከር የሚትሱሂኮ ጉልበት ኦፕራሲዮን ሆነ።
መንዳት ተከለከለ። «ውሰጂኝ» አለኝ፣ እንደ ልጅ እየለመነ።
ከጎኔ ጫንኩት፤ ክራንቹ በሁለታችን መሃል።
ድልድዩ ላይ ስንወጣ ዝም አለ። ስክሪኑን ያያል።
መንገዱ አለቀ። ቀስቷ ባሕር ገባች።
«አየሻት?» አለኝ፣ «መንገድ ባልተሠራበት ትሄዳለች።
ድልድይ የጠበቅነው እኛ ነን፤ እሷ ድሮ ተሻግራለች።»
መልስ አልሰጠሁትም። ነፋሱ ገፋን፤ መሪውን ጨበጥኩ።

ኦሚሺማ ላይ ለነዳጅ ቆምኩ።
የማደያዋ ልጅ፣ ሃያ ዓመት የማይሞላት፣ ዞረቻት፤
ጣሪያዋን በጣቷ ጫፍ፣ ትኩስ ዳቦ እንደሚነካ ሰው፣ ነካቻት።
«የዘንድሮ ናት?» አለች። የምሯን ይሁን ልታስደስተን አላወቅኩም።
«አርጅታለች» ባዩ ወንድሜ አንገቱን በመስኮት አወጣ፣ አላመነታም፤
«የለም» አላት፣ «የከርሞ ናት።»

ከዚያ ሽንት ቤት ልሂድ አለ።
እኔ በአንድ ክንዱ፣ ልጅቷ በሌላው፣ ጎተትነው፤
ከወንበሯ ላለመውጣት የጠላ እንጂ የታመመ አይመስልም ሰውነቱ፤
ሦስታችንም ሳቅን፣ እሱ ሆዱን ይዞ፣ እያመመው ስፌቱ።
መሽቶ ነበር። መብራቱን ተጫንኩ።
የቀኝ ዓይኗ ተነሣ። ጠበቅን።
የግራው ቆይቶ፣
ቆይቶ፣
ጠቀሰን።