የዓሣ ሚዛን

በጥር አጋማሽ ባሕሩ ረጋ፣
ደሴታችን ሙሁ ተሰፋች በበረዶ ከኢስቶኒያ ምድር ጋ።
አርባ ዓመት ሞተሩን ያከምኩት መርከብ ወደቡ ላይ ቆሞ፣
ቀበሮ በእግሩ ተሻገረ፤ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ትኬት ሳይቆርጥ ደግሞ።

አራቱን ወሰደ።
አንቺን ጠዋት አገኘሁሽ፣ ከፍልጥ ክምሩ ሥር ተወሽቀሽ፣
ድምፅሽን የሆነ ቦታ ጥለሽ፣ ዓይንሽን ብቻ ይዘሽ።

ከዚያ ወዲያ ቆጡ ሰፋሽ።
ስንዴ ብበትንልሽ ታዪዋለሽ እንጂ አይደርስም ወደ አፍሽ።
«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ብሎ የተረተው ሰው
ብቻዋን የቀረች ዶሮ አላየም፤ ቢያይማ ተረቱን ባፈረሰው።

በሦስተኛው ሳምንት ባነሳሽ፣ ላባ ነው እንጂ ሥጋ የለም፤
የፍርምባሽ አጥንት እንደ ታንኳ ወገብ ሹል፤ ለመዳፍ አይመችም።
የዓሣ ሚዛኔን አወረድኩ፤ መንጠቆው ላይ ባልዲ አሰርኩ፣
አንቺን ባልዲው ውስጥ አስቀመጥኩ፣ መርፌውን ጠበቅኩ።
አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ።
ከዚህ የሚከብድ ዓሣ፣ «ልጅ ነው፣ ይደግ» ብዬ፣
ስንቴ ወደ ባሕሩ ሄዷል ከመረቤ ተፈትቶ።

ሐኪሟ በስልክ ጠየቀችኝ፤ «ቅንቅን አለባት? ኩሷስ ምን መልክ አለው?
ጠዋት ጎሮሮዋን ስትዳስሰው ባዶ ነው ወይስ እንደ ኳስ ያበጠ ነው?»
ላባሽን ገልጬ በባትሪ ፈለግኩ፤ ዳሰስኩ፤ ሁሉም ደኅና ነው።
ዝም አለች። «እንግዲያው» አለች፣ «አንድ ዶሮ የሚባል ዶሮ የለም፤
ዶሮ ማለት መንጋ ነው፤ ለብቻው ጥሬ አይውጥም።»
አመስግኜ ዘጋሁ። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ሳህን አለ፤
መቼ እንደበላሁበት አላስታውስም።

ምድጃው አጠገብ ሣጥን አነጠፍኩልሽ፣ ድርቆሽ ሞልቼ፤
የአጃ ገንፎ አበሰልኩ፣ ውሃ አብዝቼ።
እንቁላልም ቀቀልኩ፤ ከቀበሮው በፊት የተጣሉ ስድስት ነበሩ፣
ባለቤቶቹ ሄደው እነሱ ቅርጫት ውስጥ የቀሩ።
ፈረፈርኩት። አላየሽውም።
ሌሊቱ ገፋ። ደክሞኝ፣ በጣቴ ሳህኑን መታ መታ አደረግኩ ሳላስበው፣
ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ።
አንገትሽ ተመዘዘ። ያን ድምፅ ታውቂዋለሽ፤ ጓደኛ ሲበላ የሚሰማው ነው።
አንዴ ነካሽው። ጣቴን አቆምኩ፤ አቆምሽ።
ማንኪያ አነሳሁ፤ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለአንቺ፤ ያኔ በላሽ።

እንዲህ ከረምን። ሁለት ሰው አይደለን፣ ሁለት ዶሮም አይደለን፣
በአንድ ሳህን ዙሪያ ግን የሆነ ነገር ነበርን።
እሑድ እሑድ ሚዛን፤ ሠላሳ ግራም፣ ሃምሳ፣ አንዴም ዜሮ፤
በእርሳስ ጻፍኩት ግድግዳው ላይ፣ የሞተር ዘይት እንደምመዘግበው ድሮ።

በመጋቢት ጎረቤቴ ሂልያ ካርቶን ተሸክማ መጣች፤
ሁለት ቄቦች። «ኤንደል፣ እኔ ማስቀመጫ የለኝም» ብላ ዋሸች።
ቀበቶዬን አየች፤ አንድ ቀዳዳ ለቅቄው ነበር። ምንም አላለች።

የሽቦ መረብ ዘረጋሁ። አሥር ቀን በሽቦው ተያያችሁ፤
አመድ ላይ እኩል መንከባለል ጀመራችሁ፣ መረቡ መሃላችሁ።
ባነሳው፣ ትንሿን ቄብ ወግተሽ እስከ አጥሩ አባረርሽ፤
ሂልያ ደነገጠች፣ እኔ ሳቅሁ፤ ለቁጣ የሚበቃ ጉልበት አገኘሽ!
ማታ በባትሪ ባያችሁ፣ አንድ ቆጥ፣ ሦስት ጀርባ፤
የትኛው ያንቺ እንደሆነ ለመለየት ቸገረኝ ላባ ከላባ።

ዛሬ በረዶው ተሰነጠቀ፤ መርከቡ ጮኸ ከወደብ።
አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ፤ ከባልዲው ዘለሽ ወጣሽ ቁጥሩን ሁለቴ ሳላነብ።
ወደ ኋላ አላየሽም። ይሁን፤
የሚበላ መንጋ ወደ ኋላ አያይም።

ምሳዬን አቀረብኩ። ከምድጃው አጠገብ ሣጥኑ ባዶ ነው።
ማንኪያዬን ከማንሳቴ በፊት ግን
ጣቴ፣ እኔን ሳይጠይቀኝ፣ ሳህኑን ይመታል፤
ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ።