ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ባዶ

ቫልፓራይሶ ነው፤ ተራራው ከባሕር ተፋጦ በቆመበት፣
ቤት በቤት ጫንቃ ላይ እንደ ሕፃን ልጅ በታዘለበት፣
ከወደቡ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱን ጨው በበላው ቤት
ሮሳልባ ኦያርሱን ኮድ ትጽፋለች፣ ሻይዋ ቀዝቅዞባት።

ሥራዋ መደርደር ነው። ቧንቧ ላልደረሳቸው ሠፈሮች በሙሉ
ቦቴዎቹ ከየትኛው በር ቀድመው እንደሚውሉ።
ውኃ ካገኘ ስንት ቀን ሆነው? ጥያቄው ይኸው ነው፤
ብዙ የጠበቀ ይቅደም፣ ትናንት የጠጣው ኋላ ነው።

ከሷ በፊት የነበረው፣ ወደ መዳቡ ሰሜን የሄደው፣
አንዲት መስመር ትቶ ነበር፤ ቢሮው ያቺን ነው የወረሰው፦

        ደርድር — ቤቶችን፣ እውነት።

እውነት ምን? እውነት ወዴት?
ከላይ ወደ ታች ነው? ወይስ እግሩ ነው አናት?
እውነት እንዲህ ብቻዋን፣ ዓረፍተ ነገር የሌላት፣
ምስክር ናት፣ ጥያቄው ገና ያልተነገራት፣
«አዎ!» ብላ የምትምል፣ ምኑ አዎ እንደሆነ ሳይገባት።

አንድ ማክሰኞ አንድ ሰው፣ «እውነት» ማለት ሽቅብ መስሎት፣
ውስጡን ገለበጠው፤ ለምን ብሎ የጠየቀው ሳይኖርበት።
ዝርዝሩ በጭንቅላቱ ቆመ፤ ስሕተት አልተባለ፣
ቀይ መብራት አልበራ፤ ኮምፒውተሩ እሺ አለ።

ትናንት የጠጡ ዛሬም ጠጡ፣
መኪና አጠቡ፣ ጽጌረዳ አጠጡ።
ከመንገዱ ማለቂያ፣ ዶኛ ኤዱቪና ቪልቼስ
ባልዲዋን ደፍ ላይ አኑራ ዘጠኝ ቀን ጠበቀች፤
በአሥረኛው ደወለች። አልተቆጣችም፤ ጠየቀች፦
«ልጄ፣ ስንተኛ ነኝ?»
«መጨረሻ ነዎት፣ እመቤቴ።»
«ትናንት ከመጨረሻ ሁለተኛ ነበርኩ።
እንዴት ያለ ሰልፍ ነው፣ በጠበቁ ቁጥር የሚያርቅ?»

ሮሳልባ መልስ አልነበራትም።

ማታ በአሳንሰሩ ስትወጣ፣ በዚያ በሚያቃስተው ሣጥን፣
ሽማግሌው ዶን ኒካኖር ጨበጠ የብረት እጄታውን።
«ሽቅብ!» አለ፤ ደወል መታ፤ ገመዱ ተወጠረ።
«ዶን ኒካኖር፣» አለችው፣ «'አዎ' ብለህ ብትጠራስ ኖሮ?»
ሳቀ፤ ሁለት ጥርስ አለው።
«አዎ ብል ማን ይሳፈራል? አዎ ወዴት ነው?»

በማግሥቱ ጠዋት፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ጻፈች፦

        አቅጣጫ፦ ሽቅብ፣ ቁልቁል።

ሁለት ስም። ሌላ የለም።
ፊደል ስተህ «ሽግብ» ብትል ኮምፓይለሩ ከደጅ ይመልስሃል፣
«እውነት» ይዘህ ብትመጣም «የምን እውነት?» ይልሃል።
አንድና ዜሮ እንኳ፣ የሁሉ ሥር ነን የሚሉ፣
ስማቸውን እስኪናገሩ ደጅ ይጠናሉ።
ከዚያም አሮጌዋን መስመር ሰርዛ፣ በቦታዋ፦

        ደርድር — ቤቶችን፣ ቁልቁል።

ውኃው ሽቅብ እንዲወጣ ዝርዝሩ ቁልቁል ወረደ።
የኤዱቪና ባልዲ ሞላ፤ ተርፎም በደረጃው ፈሰሰ፣ ሄደ።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ።

ግን ከግርጌ፣ ከሁሉ በታች፣ ሰባት ቤቶች አየች።
ከቀናቸው ሳጥን ውስጥ ቁጥር ፈልጋ አጣች።
ውኃ ደርሷቸው አያውቅም፤ ስለዚህ «ካገኘ» የሚለው
መነሻ የለውም፤ ከየት ተቆጥሮ ነው?
ባዶ ከዜሮ ያንሳል? ከዘጠኝ ይበልጣል?
ሽቅብ ስትለው ከታች፤ ቁልቁል ስትለው ከታች ይገኛል።

ጠቋሚውን ወሰደች፣ ከ«ቁልቁል» ኋላ፣ ነጠላ ሰረዝ አስቀመጠች፤
ሦስተኛ ስም ፈለገች።
ብልጭ፣ ጥፍት፣ ብልጭ አለ መስመሩ፤ ስሙ አልመጣላትም።
ሰረዙን አጠፋችው።

ስልክ አነሳች፤ ለቦቴ ነጂው፣ ለሄናሮ፣ ሰባቱን በር
አንድ በአንድ በቃሏ ነገረችው፦ ሰማያዊው ቆርቆሮ፣ የወደቀው አጥር…
«በየትኛው ልጀምር?» አላት።
ዝም አለች ትንሽ።
«ቀድመህ ባገኘኸው» አለችው። «ብቻ ውጣ።»