ለቃሚው

ከቤታችን ጓሮ፣ ቁልቋሉ ከበቀለበት፣
አባቴ ሌሊት ሌሊት ወጥቶ ከሚሸናበት፣
ጉንዳን መንገድ አወጣ።
መጀመሪያ ቀጭን ነው፣ ክር ነው የሚመስለው፤
ሲያድር ገመድ አከለ፣ ማንም ሳይገምደው።
እናቴ አመድ ነሰነሰች፤ «ማር ነው የደፋኸው?»
አባቴ ሳቀና አንድ ጆግ ውኃ ጨረሰ፤
ሌሊት አምስቴ ወጣ፣ አምስቴ ተመለሰ፤
ቀበቶው ላይ በምስማር ሌላ ቀዳዳ ጨመረ።

ከመርሳ በሚኒባስ፣ በውጫሌ፣ በሐይቅ፣
ሦስቴ ሹፌሩን አስቁመን፣ ስንለምን፣ ስንሳቀቅ፣
ቦሩ ሜዳ ደረስን።
«አመዴ ዳውድ!» አሉ፤ ገባን።

ዶክተር ትብለጥ ልጅ ናት። ብዕሯ አያርፍም።
«ምን ነበር ሥራዎ?» አለች፣ ቀና ሳትል።
«መጋዘን ጠባቂ። በሰባ ሰባት። የእርዳታ እህል።
መኪና ሲራገፍ፣ ጆንያ ሲተረተር፣
አፈር የነካውን፣ አንድ ፍሬ ሳላስቀር፣
በጉልበቴ እየሄድኩ ለቅሜ እመልስ ነበር።»

ብዕሯ ቆመ።
«እንግዲያስ ኩላሊትዎን ያውቁታል» አለች፤
በካርዱ ጀርባ ላይ አንዲት ቦይ ሣለች።

«ኩላሊት ሲያጣራ አይመርጥም መጀመሪያ፤
ስኳሩን ከውኃው ጋር ያወርዳል በጋራ።
ከወንፊቱ በታች፣ በቀጭኗ ቦይ ዳር፣
ለቃሚ ተቀምጧል፣ ልቡ ከስኳር ጋር፤
ይለቅማል፣ ወደ ደም ይመልሳል።
የጤነኛ ሽንት ለጉንዳን ምን ይተርፈዋል?
ስኳር ሲበዛ ግን፣ ጆንያ በጆንያ ላይ፣
ሁለት እጅ ስንቱን ያንሣ? ይፈሳል ሜዳ ላይ።»

«እና ሰነፈ?» አለ አባቴ፣ እንደ አለቃ።
«የለም፣ ጉዱ እሱ ነው፤ ቢሰንፍማ በበቃ።
እጅ ይጨምራል እንጂ፣ የቀን ሠራተኛ ይቀጥራል፤
ደሙ ሞልቶ እየፈሰሰ፣ እሱ ገና ይቆጥባል፤
ከቦዩ አሟጦ፣ በሞላው ላይ ያክላል።
ድርቅ የገባ ይመስለዋል።»

ዝም አለ አባቴ።
እኔ አልጋውን አሰብኩ፣ ከሥሩ ያሉትን
ሰባት ጆንያ ማሽላ፣ ነቀዝ የጨረሳቸውን፤
ሽጥ ቢሉት የማይሸጥ፣ ጣል ቢሉት የማይጥል፣
መንገድ ላይ ምስር ቢያይ ጎንበስ የሚል፤
ልጅ ሆኜ እፍኝ በቆሎ ከደጅ ስደፋ
ያቀመሰኝ ጥፊ፣
ከጥፊው በኋላም እሱ ራሱ ያለቀሰው፣
ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልጠየቅሁት።

«አይፈረድበትም» አለ፣ ስለ ኩላሊቱ።
«ያየውን አይቶ ነው።»

አንዲት ኪኒን ጻፈች፣ ጠዋት የምትዋጥ።
«ይቺ የለቃሚውን እጅ ትይዛለች፣ ሳትቆጣ፤
በቃህ፣ ይለፍ ትለዋለች። ትርፉ በሽንት ይወጣል፤
ስኳሩም ዝቅ ይላል፣ ኩላሊትም ትንሽ ያርፋል።»
«ጉንዳኖቹስ?»
«ይመጣሉ። ምናልባት ይበዛሉ እንዲያውም።
አሁን ግን አብሽሩ፣ መምጣታቸው ክፉ አይደለም።»

ወር ሞላው። ከቁልቋሉ ሥር መንገዱ ተሠርቷል፤
ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ገበያ ቀን ይተራመሳል።
እናቴ አመድ ይዛ ወጣች። እጇን ያዛት፤
«ተያቸው ከድጃ፤ ድርሻቸው ነው» አላት።

ትናንት ከሰባቱ አንዱን ጆንያ ጎትቶ አወጣ፤
ፀሐይ ላይ አሰጣ፤
አበጠረው፣ ለጎረቤት ዶሮ ሰጠ።
የተንጠባጠበውን አልለቀመም።
አንዴ ብቻ ጎንበስ አለና፣
ምንም ሳያነሣ ቀና።

ስድስቱ እንዳሉ ናቸው።
ኪኒኑም ገና ወሩ ነው።