ዞን አራት

ስሜ ቤኩሙዚ ነው፤ በዙሉ ቋንቋችን «ቤቱን ጠብቅ» ማለት።
አባቴ ሲያወጣው ላሞቹን አስቦ፤
የእኔ ዕጣ ግን ሆነ መሰላልና ሽቦ፣
የደርባንን ዳገት መውጣት፣ መውረድ፣ ከሰው ቤት ወደ ሰው ቤት።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ባሕሩ አየሩን በላብ ሲያጠምቀው፣
«ሌባ በሌለበት ‹ሌባ!› የሚል ሳጥን አለኝ» አሉ በር ከፍተው
ወይዘሮ ቲላጋ ናይከር። የሂሳብ መምህር ነበሩ፤
ጠመኔ የበላው ጣታቸው ዛሬም ስህተት እንደሚያርም
ወደ ጣሪያው ይቀሰራል፦ «ትናንት ሦስት ጊዜ፣ ዛሬ አምስት፤ ነገ ሰባት አይቀርም።»

የሳሎኑን ዓይን ፈታሁት። እንሽላሊት፣ የጣት ያህል፣
ሁለት ነጭ እንቁላል ጥላ በሙቀቱ ትኖራለች፤
ሌንሱ ላይ ውልብ ስትል ለማሽኑ ግን ሰው ታክላለች።
«በጣም የቀረበ ነገር» አልኳቸው፣ «ከልኩ በላይ ይገዝፋል።»
ዝም አሉ።
«ይገባኛል» አሉኝ ቆይተው፣ ሌላ ነገር እንዳልኳቸው ሁሉ።

ከዚያ ከቁልፍ ሰሌዳው ፊት፣ የባለሙያውን ኮድ ነክቼ፣
ዞኖቹን እንደ ተማሪ አንድ በአንድ ስማቸውን ጠርቼ
ጠባያቸውን መረመርኩ።
አንድ፣ የፊት በር፦ ታጋሽ። ሠላሳ ሰከንድ ይሰጣል፤
የባለቤቱን ጣት ይጠብቃል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ያብዳል።
ሁለት፣ መስኮቶቹ፦ ቁጡ። «ማነህ?» ማለት አያውቁም፤
ከነኳቸው ይጮኻሉ፣ ይቅርታም አይጠይቁም።
ሦስት፣ ሳሎን፦ አጃቢ። የፊት በር ከታገሠ እሱም አብሮ ዝም፤
በመስኮት ለመጣ እንግዳ ግን አንዲት ትንፋሽ አይሰጥም።
ጭሱ፦ እንቅልፍ የለሽ። ቤቱ ተቆለፈም ተከፈተም ሌት ተቀን ይቆማል፤
እሳት መች ቀጠሮ ያከብራል?

አራት። የወጥ ቤት በር። ዘጠና ሰከንድ።
ሳቅ አመለጠኝ። «እማማ፣ ይሄ እኮ ሌባን መጋበዝ ነው!
ሻይ አፍልቶ፣ ጠጥቶ፣ ቴሌቪዥኑን ነቅሎ እስኪሸከመው።»
አልሳቁም።

«ፔሩማል ዓሣ ያጠምድ ነበር፣ ሌሊት፣ ከወደቡ ግንብ ላይ።
ጉልበቱ ውስጥ ብረት አለ። ሦስት ደረጃ መውጣት፣ ባልዲውን ማስቀመጥ፣
ቦት ጫማውን ታግሎ ማውለቅ፣ ግድግዳ ይዞ ማዝገም…
እኔ አልጋዬ ላይ ጢጥ፣ ጢጥ ሲል በጨለማ እቆጥራለሁ፤
ሰማንያን አልፎ አያውቅም። ‹የቀረው አሥር ሰከንድ
የሙሩጋን ድርሻ ነው› ይለኝ ነበር፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ።»

ከሞተ አሥራ አራት ወሩ።
ደንቡን አውቃለሁ፦ ሰው የማይገባበት በር መታገሥ የለበትም።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆመ። እሳቸው ግን መምህር ናቸው፣ ስሌት አይፈሩም፤
«እሱ የሚመጣበት ዕድል ዜሮ። የሌባው ግን ዜሮ አይደለም።
ቀይረው። ግን ቆይ፤
መጀመሪያ ቆልፈውና አንዴ ልግባበት።»

በጓሮ ዞረው መጡ። በሩ ሲከፈት ሰሌዳው ጢጥ ማለት ጀመረ።
ሦስት ደረጃ። የሌለ ባልዲ አስቀመጡ።
ነጠላ ጫማቸውን ቀስ ብለው አወለቁ፣ እንደ ከባድ ቦት፤
ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ግድግዳውን ይዘው መጡ።
አርባ። ሃምሳ ሁለት። እኔም ሳላስበው እቆጥራለሁ።
በሰባ ዘጠኝ ደረሱ። ጣታቸውን አነሡ። አልነኩም።
ሰማንያ። ሰማንያ አንድ። የአምላክ ድርሻ ተጀመረ፤
ጢጥታው እንደ ልብ ምት ፈጠነ።
ሰማንያ ስምንት ላይ ነኩት።
ዝም።

«አሁን» አሉ።
ዞን አራትን ቁጡ አደረግሁት፤ ሁለት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው ሥራው።

እንቁላሎቹን በክብሪት ሳጥን፣ ጥጥ ላይ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት አኖሩ።
ደረሰኙን መኪናዬ ውስጥ ሞላሁ፦
እንሽላሊት ተነሣች። አንድ ዞን ተቀየረ።
«ምክንያት» ከሚለው ባዶ መስመር ፊት ብዙ ቆየሁ፤
የመኪናዬ በር አልተዘጋም ኖሮ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ሲል ሰማሁ።