ሽቦ የሌለው በር

በማግስቱ ጠዋት ባቡሩ መጣ፤
ምሳ ዕቃዬን ይዤ እኔም ከቤት ስወጣ፣
ጋዜጣው ጮኸብኝ በትልቁ ፊደል፦
«ሙምባይ ቻይ ናት፤ ቻለች ይህንም በደል።»

እውነቱን ልናገር?
እኔን ያሳፈረኝ ጀግንነት አይደለም፤
ኪራይ በሚሉት ዘንድ የሐዘን ቀን የለም።
ደግሞም «ቻይ» ሲሉኝ እፈራለሁ እኔ፤
ቻይ የተባለች በቅሎ፣ አይቻለሁ በዓይኔ፣
ጭነት ይደረብባታል።

ትናንት ሦስተኛው ፉርጎ ላይ የነበሩ፣
እጀታ ጨብጠው ቆመው ሲከራከሩ፣
ስለ ክሪኬት ውጤት፣ ስለ ዝናቡ ማርፈድ፣
ስለ ልጅ ጋብቻ፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ፣
አልመጡም።
ቦታቸው ግን ሞላ።
ከተማ አይጠብቅም፤ ሰው ይተካል በሌላ።

ጣቢያው መግቢያ ላይ አንድ የብረት በር አለ፤
ቦምብ ይዞ የሚያልፍን ይጠቁማል የተባለ።
ሦስት ዓመት አለፍን ሥሩን ስንሾልክበት፣
እሱም ሳይጮኽብን፣ እኛም ሳንጮኽበት።
ውሻ ከጥላው ሥር ቡችሎቿን ስታጠባ፣
ሻጩ ምሰሶው ላይ ሰቅሎ የጃስሚን አበባ።

ያየችው ሱሎቻና ናት፣ ዓሣ ሻጯ ታንዴል።
የወንድሟ ልጅ ኬዳር ከሦስተኛው ፉርጎ አልወረደም።
ቅርጫቷን ከራሷ አውርዳ አኖረችው፤
ገመዱን በጣቷ ተከተለችው።
ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ ገመዱ አለቀ፤
ጫፉ በአይጥ ጥርስ ተልጦ የደረቀ።

«ይህ በር የማን ነው?» አለች፣ ድምጿን ሳታነሣ።
ዘበኛው ትከሻውን ሰበቀ። «የመንግሥት።»
«መንግሥትስ የማን ነው?»
ዘበኛው ዝም አለ።
አንድ ባቡር ሄደ፤ ሌላው ቀጠለ።

እሑድ ማታ ተሰበሰብን፣ ሕፃናት በሚማሩበት፣
ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ በተቃረበበት አግዳሚ።
ሰሌዳው ላይ ሰባት ሲባዛ በስምንት
መልሱን ይጠብቃል።
ፍሬኒ ዳሩዋላ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
«ወረፋ ስጠላ መርጬ አላውቅም» አለች ከነምርኩዟ ተነሥታ፤
ማንም አልሳቀባት። ከመሃላችን ስንቱ
ከእሷ ይሻል ነበር?

ያቁብ ፓርካር ዘግይቶ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።
ሰዓት አዳሽ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙን የሰማ
ሰዓቱን ሌላ ሰፈር ይወስዳል።
አንዲት ሴት ብቻ የባሏን ሰዓት አምጥታለት ነበር፦
«አታስነሣው፤ መስታወቱን ቀይርልኝ» ብላ።
ሒሳብ አልተቀበላትም።
ሱሎቻና ጠጋ አለች፤ ትንሿን አግዳሚ መታ መታ አድርጋ፣
«ና ተቀመጥ» አለችው፣ «እዚህ ያለነው ነግ በኔ ብለን ነው፤
አንተ ግን ነገህ ዛሬ ሆኖብሃል።»

ከዚያማ ከመስኮት መስኮት! «ነገ ተመለሱ።»
«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ገና አልጨረሱ።»
ዐሥራ አንድ ጊዜ ተመለስን። እኔ ፊርማ ለቅሜ፣
ያቁብ ቀኑን መዝግቦ፣ ሱሎቻና የዓሣ ሽታዋን ይዛ
(ለሽታው ሲሉ ቶሎ ያስተናግዱን ነበር)።
በመጨረሻ አንድ ወረቀት ወጣ፦
ለበሩ ጥገና በየዓመቱ፣ ሦስቱንም ዓመት፣
ተከፍሏል።

ሽቦው መጣ። በሩም አፉን ፈታ፤
በምሳ ዕቃው ጮኸ፣ በቁልፉ፣ በሎቲ፣ በመርፌ ቁልፉ፣
በሙሽሮች አምባር፤ ከጠዋት እስከ ማታ።
ዘበኛው ሳያየን በእጁ «እለፉ፣ እለፉ»።
አልተሞኘንም። ማክሰኞ መልሰን ጻፍን።

ትናንት በሴቶች ፉርጎ፣ ቤት እስክንደርስ አተር እየፈለፈልን፣
ከወንበር ሥር አንድ ቦርሳ አየሁ።
ድሮ ቢሆን ዓይኔን ወደ መስኮቱ እመልስ ነበር።
«የማን ነው?» አልኩ።
«የማን ነው?» አለች ጎረቤቴ፣
«የማን ነው?» ተባለ እስከ ፉርጎው ጥግ፤
የአተሩ ጎድጓዳ ሳህን ከጭን ጭን ቆመ፣ ትንፋሽም ቆመ።

ከበሩ አጠገብ አንዲት ልጅ ነቃች፤
«የእኔ» አለች፣ ፊቷ ቀልቶ።
ውስጡ የዝናብ ልብስና የተነከሰ ሳምቡሳ ነበር።
ሳምቡሳውን ተካፈልነው።